ቴስት ያለፈ መኪና ሁሉ በግጭት ጊዜ ያድናል? የደህንነት ኮከብና ነጥብ ለቤተሰብ የሚነግረው

በናታንያ በኪርያት ኖርዳው ሰፈር ከቤተሰቦች ጋር በማኅበራዊ ሥራ ስንሠራ ስለ መኪና እንድንነጋገር ማንም አላስተማረንም። በዩኒቨርሲቲ የተማርነው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤተሰብ ችግርና ስለ መብት ነው። ነገር ግን ሰዎች የወር ወጪያቸውን ለማስተካከል ወደ እኛ ሲመጡ፣ ከቤት ኪራይ ወይም ከማሽካንታ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ መኪና ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ሳናስበው የመኪና ነገርም ሥራችን ሆነ።

አንድ የስድስት ልጆች አባት ያድ ሽታይም መኪና ሊገዙ ሲሉ ወረቀቶቹን ይዘው መጡ። መኪናው ሰባት ሰው የሚይዝ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ዋጋው ግን የሚቻል ነበር። የእኛ ሰው መኪና የሚፈልገው ለሥራ ብቻ አይደለም። ልቅሶ ሲሰማ ከናታንያ ተነስቶ ቤርሼባ ወይም አፉላ መድረስ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ለስግድ በዓል ኢየሩሳሌም መውጣት አለ። ይህም ብዙውን ጊዜ በሌሊት፣ በድካምና መኪናው በሰው ተሞልቶ ነው። አባትየው፦ «ቴስት አልፏል፣ በማኮንም አስመርምረነዋል፣ እንግዲህ ምን ቀረው?» አሉን። አብሯቸው የመጣው ከሠራዊት በቅርቡ የተለቀቀው ልጃቸው ግን፦ «አባ፣ ኮከቡ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው ነገሩን እንደ ቀልድ ወሰዱት። እኛም በዚያን ጊዜ ለመመለስ ተቸግረን ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳን ያ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ሦስት የተለያዩ ምርመራዎችን እንለይ። በየጊዜው የሚደረገው ቴስት ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ ጎማውና መሪው እንደሚሠሩ ያያል። ይኸውም መኪናው ዛሬ መንገድ ላይ መውጣት ይችላል ማለት ነው። ከመግዛታችን በፊት የምንከፍልበት ማኮን ብዲካ ደግሞ ያንን አንድ መኪና ይመረምራል። ሞተሩን፣ ማርሹን፣ በተለይም ሺልዳው (የመኪናው አጽም) ተጋጭቶ የተበየደ መሆኑን ይነግረናል። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ሆኖም ሁለቱም መኪናው ከሌላ መኪና ጋር ቢጋጭ በውስጡ ያለው ሰው ምን እንደሚሆን አይናገሩም። ያንን የሚናገረው የግጭት ሙከራ ነው።

ከሽማግሌዎቻችን ጋር ስንወያይ ደጋግመን የምንሰማው አንድ አስተሳሰብ አለ። «የድሮ መኪና ብረቱ ወፍራም ነው፣ የአሁኑ እንደ ቆርቆሮ ነው» ይባላል። በጎንደር መንገድ ላንድሮቨር ሲያልፍ ያየ ሰው ይህን ቢያምን አይፈረድበትም። በአሜሪካ በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚተዳደር፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተ የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም አለ። ይህ ተቋም በ2009 ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ይህንኑ ጥያቄ በተግባር ፈተነው። የ1959 ሞዴል ሼቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ሞዴል ሼቭሮሌት ማሊቡ ጋር እያንዳንዳቸው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጡ ፊት ለፊት አጋጫቸው። ያ ትልቅና ባለ ወፍራም ብረት የሆነው አሮጌ መኪና የነጂው ክፍል ተጨፍልቆ መሪው ወደ ነጂው ገባ። በእውነት ሰው ቢኖርበት ኖሮ በሕይወት አይተርፍም ነበር። በአዲሱ መኪና ውስጥ የነበረው የመለኪያ አሻንጉሊት ግን የእግር ጉዳት ብቻ ነው ያሳየው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እናቶቻችን የሸክላ ሥራ ያውቃሉ። ሸክላን ለገበያ ስናጓጉዝ ከጠንካራ ሳጥን ጋር እንዲጋጭ አንተወውም፣ ጭድ እናደርግለታለን። የአዲስ መኪና የፊት ክፍል እንደ ጭዱ ነው። እንዲጨማደድና የግጭቱን ኃይል በራሱ ላይ እንዲጨርስ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ግን እንዳይጨማደድ ይጠነክራል። ቀበቶውና የአየር ከረጢቱ (ካሪት አቪር) የቀረውን ይይዛሉ። የድሮው መኪና ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ስላልጠነከረ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ሰውየው ደረሰ ማለት ነው።

ይህ ለውጥ በፋብሪካዎች በጎ ፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት መኪናዎችን እያጋጨ ውጤቱን ለሕዝብ ማሳወቅ የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በአውሮፓ ደግሞ ዩሮ ኤንካፕ የተባለው ድርጅት የመጀመሪያ ውጤቶቹን በየካቲት 1997 አወጣ። በዚያ ዙር ሮቨር 100 የተባለችው ትንሽ መኪና፣ ንድፏ ከ1980 ጀምሮ የመጣ፣ አንድ ኮከብ ብቻ አገኘች። ፎቶግራፉና ፊልሙ በየቦታው ታየ፣ ገዢ ሸሸ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ምርቷ ቆመ። ልብ በሉ፣ መኪናዋ በሕግ የተከለከለች አልነበረችም። የሕጉን መስፈርት አሟልታ ነበር የምትሸጠው። በወቅቱ ፋብሪካዎቹ ፈተናው ከመጠን በላይ ከባድ ነው፣ አራት ኮከብ ማንም ሊያገኝ አይችልም ብለው ተከራከሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ቮልቮ ኤስ40 አራት ኮከብ አገኘ። በ2001 ደግሞ ሬኖ ላጉና የመጀመሪያው ባለ አምስት ኮከብ ሆነ።

ሻጭ እህሉን በራሱ ቁና ሲሰፍር ገዢ ይጠራጠራል። ለዚህ ነው መዛኙ ሌላ ሰው መሆን ያለበት። የዩሮ ኤንካፕ አባላት መንግሥታት፣ የመኪና ባለቤቶች ማኅበራት፣ የሸማቾች ድርጅቶችና የኢንሹራንስ ተቋማት ናቸው። የሚፈተነውን መኪና ፋብሪካው አሳምሮ አዘጋጅቶ አያቀርበውም። ድርጅቱ ራሱ ከሻጭ ይገዛል፣ ወይም ከተመረቱት መካከል ራሱ ይመርጣል። የአውሮፓ ሕግ ለፊት ለፊት ግጭት ሙከራ 56 ኪሎ ሜትር ሲጠይቅ ዩሮ ኤንካፕ ለረጅም ዓመታት በ64 ነበር የሚያጋጨው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ መኪናውና ከፊቱ የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ግድግዳ እያንዳንዳቸው በ50 ኪሎ ሜትር ይገናኛሉ። በውስጡ የሚቀመጡት አሻንጉሊቶች በራሳቸው፣ በደረታቸውና በእግራቸው መለኪያ የተገጠመላቸው ናቸው። የልጅ መጠን ያላቸውም አሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመድ ላላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ይህን እንጨምር። ፈታኝ በሌለበት አገር የሚሸጠው መኪና ስሙ አንድ ሆኖ ሥራው ሌላ ሊሆን ይችላል። ግሎባል ኤንካፕ በ2018 በአፍሪካ የሚሸጠውን ኒሳን ኤንፒ300 የጭነት ፒክአፕ ሲፈትን ዜሮ ኮከብ አገኘ። ከዚያም ያንኑ አዲስ መኪና በአውሮፓ ከተሸጠ ያገለገለ ኒሳን ናቫራ ጋር አጋጩት። አዲሱ የአፍሪካ መኪና ነጂ የሚሞት፣ ያገለገለው የአውሮፓ መኪና ነጂ የሚተርፍ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። በሌላ በኩል የቻይና መኪናዎችን እንመልከት። በ2005 ላንድዊንድ የተባለው በጀርመን ሲፈተን ውጤቱ መሳለቂያ ሆኖ ነበር። በ2022 ግን በአገራችን በብዛት የተሸጠው ቢዋይዲ አቶ 3 አምስት ኮከብ አገኘ። ውርደት ከሕግ በላይ ይሠራል ብንል ማጋነን አይመስለንም።

እስራኤል የራሷ የግጭት ኮከብ የላትም። የቤት መኪና የሚባለውን ሁሉ ከውጭ ታስመጣለች። በአንድ ዘመን ሱሲታ የምትባል የአገር ውስጥ መኪና ነበረች፣ አካሏ ከፋይበርግላስ ስለነበረ ግመል በላት እየተባለ ይቀለድባታል። አሁን ገዢ ያለው የአውሮፓና የአሜሪካ ኮከብ፣ በተጨማሪም የምስራድ ሀታህቡራ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በዕብራይስጥ «ራማት ሀኢቭዙር ሀብቲሁቲ» ይባላል፣ የደህንነት መሣሪያዎች ደረጃ ማለት ነው። ከ0 እስከ 8 ይሄዳል፣ 8 ከፍተኛው ነው። በአዲስ መኪና ማስታወቂያ ላይ ከአየር ብክለት ደረጃው አጠገብ ይጻፋል። የብክለቱ ሲያንስ፣ የደህንነቱ ደግሞ ሲበዛ ይሻላል። ሁለቱን አገላብጠው የሚያነቡ ሰዎች አጋጥመውናል።

ኮከቡና ይህ ቁጥር አንድ አይደሉም። ቁጥሩ በመኪናው ላይ የተገጠሙትን መሣሪያዎች ይቆጥራል፣ ለምሳሌ የአየር ከረጢቶች፣ ከመስመር መውጣትን የሚያስጠነቅቅ፣ ከፊት ያለውን መኪና ርቀት የሚጠብቅ፣ ነጂው ቢዘናጋ በራሱ ፍሬን የሚይዝ። ብዙዎቹ በካሜራ የሚሠሩ ናቸው፣ በዚህም በ1999 በኢየሩሳሌም የተቋቋመው ሞቢልአይ በዓለም የታወቀ ነው። ኮከቡ ግን መኪናው በእርግጥ ተጋጭቶ የታየውን ይመዝናል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የአውሮፓ ኮከብ የተሰጠው በአውሮፓ ለሚሸጠው ዓይነት ነው። አስመጪው አንዳንድ መሣሪያ ቀንሶ አምጥቶት ሊሆን ስለሚችል የእስራኤሉን ቁጥር ማየት ይጠቅማል። የመኪናውን ታርጋ (ምስፓር ሪሹይ) ይዞ በመንግሥት የመረጃ ገጽ ላይ ማግኘት ይቻላል። ሻጩ ቁጥሩን አላውቅም ቢል ታርጋውን ጠይቁ።

የኮከቡ ዓመትም ወሳኝ ነው። ፊያት ግራንዴ ፑንቶ በ2005 አምስት ኮከብ ነበረው። ይኸው መኪና ፑንቶ ተብሎ በመሠረቱ ሳይቀየር መሸጡን ሲቀጥል በ2017 እንደገና ተፈተነና ዜሮ አገኘ። መኪናው አልተበላሸም፣ ፈተናው ነው ያደገው። ስለሆነም ሻጭ «አምስት ኮከብ ነው» ሲለን «በየትኛው ዓመት?» ብለን እንጠይቅ። ኮከብ የሚነጻጸረውም በክብደት ከሚቀራረቡ መኪናዎች መካከል ነው። ባለ አምስት ኮከብ ትንሽ መኪና ከከባድ መኪና ጋር ሲጋጭ ክብደቱ ይጎዳዋል። ደግሞም ኮከቡ የሚናገረው ስለ ሞዴሉ ነው። ተጋጭቶ ሺልዳው የተበየደ መኪና ወረቀት ላይ ባለ አምስት ኮከብ ቢሆንም ያ ኮከብ የእርሱ አይደለም። ማኮን ብዲካን መዝለል የማይቻለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰባት መቀመጫው እንመለስ። ብዙ ልጅ ላለን ቤተሰቦች ሦስተኛው ረድፍ መፍትሔ ይመስላል። በግጭት ሙከራ ግን አሻንጉሊቶቹ የሚቀመጡት በፊትና በሁለተኛው ረድፍ ነው። ስለዚህ ኮከቡ ስለ ኋለኛው ረድፍ ብዙ አይናገርም። የመስኮቱ የአየር ከረጢት እስከ ሦስተኛው ረድፍ ይደርስ እንደሆነ፣ ለእያንዳንዱ መቀመጫ ሦስት ነጥብ ላይ የሚያዝ ቀበቶ መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከቀበቶው ቁጥር በላይ ሰው መጫን፣ ሕፃን ማቀፍ፣ «ቅርብ ነው» ብሎ መሄድ በሰፈራችን አሁንም እናያለን። በሕጉ መሠረት ልጅ እስከ 3 ዓመት ድረስ በልጆች የደህንነት ወንበር (ኪሴ በቲሁት) መቀመጥ አለበት፣ ከ3 እስከ 8 ዓመት ደግሞ በወንበር ወይም በቡስተር። ጨቅላ ሕፃን ቢያንስ እስከ አንድ ዓመቱ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ወንበር የአየር ከረጢቱ ባልጠፋ የፊት መቀመጫ ላይ በፍጹም አይደረግም። አምስት ኮከብ የሚሠራው ሰውየው ታስሮ እንደተቀመጠ ተቆጥሮ ነው።

የማይነዱ አያቶቻችንም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ዩሮ ኤንካፕ መኪናው እግረኛን ሲመታ የፊት ክዳኑና መከላከያው ምን ያህል እንደሚጎዳ ይመዝናል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ መኪናው እግረኛ አይቶ በራሱ መቆሙን ይፈትናል። በማለዳ ወደ ምኩራብ በእግር የሚሄዱ ሽማግሌ የሌላ ሰው መኪና በምን ያህል ኮከብ እንደተሠራ አያውቁም፣ ግን ይጠቅማቸዋል።

አባትየው መጨረሻ ላይ ሰባት መቀመጫውን ተዉት። በተመሳሳይ ገንዘብ አምስት ሰው የሚይዝ፣ አነስ ያለ፣ ግን አዲስ የሆነና የደህንነት ቁጥሩ ከፍ ያለ መኪና አገኙ። ለስግድ ትልልቆቹ ልጆች በሀሳዓ አውቶቡስ እንዲሄዱ ተስማሙ። ባለቤታቸው ይህን አልወደዱትም። «ለልቅሶስ ማን ይቀራል?» ብለው ሲጠይቁ ማንም መልስ አልነበረውም፣ እኛም አልነበረንም።

ልጁ ግን ከመፈረማቸው በፊት አንድ ነገር ጨመረ። የመኪናውን ታርጋ በምስራድ ሀታህቡራ ገጽ ላይ አስገብቶ ሪኮል አለበት ወይ ብሎ ፈተሸ። ሪኮል ማለት ፋብሪካው ጉድለት አግኝቶ መኪናውን ለጥገና ሲጠራ ነው። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ የሠራቸው የአየር ከረጢቶች ሲፈነዱ ብረት ስለሚበትኑ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎች በዚህ መንገድ ተጠርተዋል። በዚያ መኪና ላይም የነጂው የአየር ከረጢት እንዲለወጥ የተላለፈ ጥሪ ነበር፣ የቀድሞው ባለቤት ሳያስጠግኑ ቀርተዋል። አባትየው ለአስመጪው ሙሳክ ደወሉ። እሑድ ጠዋት ቀጠሮ ተሰጣቸው፣ ሥራው ከግማሽ ቀን አልፈጀም፣ ገንዘብም አልተጠየቁም።