የአውሮፕላን ማረፊያው ዶሮና የጊደር መጋላ ሳምቡሳ

ከውጭ አገር ወደ ሐረር ስመለስ አውሮፕላን ለመቀየር በአንድ ትልቅ ማረፊያ ለጥቂት ሰዓታት ቆየሁ። ረሃብ ሲጠናብኝ ከመሳፈሪያው በር አጠገብ ወዳለ የጥብስ ዶሮ ቤት ገባሁ። የቀረበልኝ ጭን ቅርፊቱ ቡናማ፣ ሥጋው ግን ርጥበቱን ሳያጣ እስከ አጥንቱ የበሰለ ነበር። ቤቴ ደርሼ ያንኑ ለመሥራት ዘይት አግዬ ዶሮውን ጨመርኩ። ቅርፊቱ ወዲያው ጠቆረ፤ ጭኑ ሲቆረጥ ግን ውስጡ ጥሬ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ተጠያቂው የእጄ አለመሠልጠን ብቻ ይሆን? ፊዚክስም ድርሻ አለው።

ለመጥበሻ የሚሆን ዘይት ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ይህን የሚወስነው እሳቱ እንጂ የቦታው ከፍታ አይደለም። የሥጋ አብዛኛው ክፍል ግን ውሃ ነው። ሥጋው ዘይት ውስጥ ሲገባ የምንሰማው መንጫጫት ውሃው እየተነነ ሲወጣ የሚፈጥረው ድምፅ ነው። ርጥበቱ እስካለ ድረስ ሥጋው ውሃ ከሚፈላበት መጠነ ሙቀት በላይ አይግልም። ይህም በባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ ሲሆን፣ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ሐረር የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ወደ 94 ዲግሪ ዝቅ ይላል።

እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ጎጂ ባክቴሪያዎች እንዲሞቱ የዶሮው ማዕከል 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ሙቀት ወደ ውስጥ የሚዘልቅበት ፍጥነት በመጠነ ሙቀት ልዩነት ይወሰናል። በባሕር ጠለል ከ100 እስከ 74 ያለው ልዩነት 26 ዲግሪ ነው፤ በሐረር 20 ብቻ። ስለዚህ ዘይቱ ቅርፊቱን እንደ ልማዱ ሲያጠቁረው ውስጡ ወደ ኋላ ይቀራል። ቡናማ መልክ የመብሰል ማስረጃ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

የብዙዎቹ ጥብስ ዶሮ ቤቶች ምስጢር ክዳኑ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን በ1679 እ.ኤ.አ. እንፋሎትን አፍኖ የሚያበስል ድስት ሠራ። ከዘመናት በኋላ አሜሪካዊው ሃርላንድ ሳንደርስ ሐሳቡን ለዶሮ ጥብስ አዋለው፤ በ1966 እ.ኤ.አ.ም ለዘዴው የፈጠራ መብት አገኘ። በመጥበሻው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው አየር በ80 ኪሎፓስካል ገደማ ሲበልጥ፣ በባሕር ጠለል ላይ ውሃ የሚፈላው በ117 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ከ26 ወደ 43 ዲግሪ ያድጋል፤ ርጥበቱም በቀላሉ አይተንም። ነገር ግን ተማሪዎች ይህን በቤት ውስጥ ፕሬሸር ኩከር እንዳይሞክሩት አደራ እላለሁ። ያ ድስት የተሠራው ለውሃ ነው፤ የታፈነ የጋለ ዘይት ከፈነዳ ሕይወት ያጠፋል።

መፍትሔው ከቤቴ ሩቅ አልነበረም። ጊደር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» ማለት ሲሆን፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጁገል እምብርት ይገኛል። የሳምቡሳ አሠራርን ልብ በሉ፦ ምስሩ ወይም ሥጋው አስቀድሞ ይበስላል፤ ለዘይቱ የሚቀረው ስሱን ሊጥ ማቅላት ብቻ ነው። ከፍታው የሚያስቸግረውን ሥራ ከዘይቱ በፊት ጨርሰውታል ማለት ነው።

እኔም በሚቀጥለው ጊዜ ዶሮውን ቀቅዬ፣ ውሃውን በሚገባ አድርቄ፣ ከዚያ ጠበስኩት። ከማረፊያው ዶሮ ጥቂት ደረቅ ያለ ነበር፤ ሆኖም ልጆቼ እስከ አጥንቱ ያለ ስጋት በሉት።