ከዳሌ ቆዳ የተነሣ የአንጎል ምርመራ

ከደቡብ ሱዳኗ ጁባ በስተምዕራብ፣ በምዕራብ ኢኳቶሪያ መንደሮች ደኅና ሲጫወት የዋለ ልጅ ምግብ ሲቀርብለት ጭንቅላቱ ደጋግሞ ወደ ፊት ይወድቃል። እየቆየ የሚጥል በሽታ ይከተላል፤ ልጁም ከትምህርት ገበታ ይቀራል። ሕመሙ ኖዲንግ ሲንድረም ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች በዚሁ አካባቢ በማሪዲና በዊቶ 38 ሕሙማንን ከ38 ጤነኞች ጋር አነጻጸሩ። የአንጎል ሕመም መነሻ ፍለጋ የሄዱት ሰዎች ናሙና የወሰዱት ከቆዳም ነበር። የጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚያስተላልፈውን የኦንኮሰርካ ትል ጠርጥረው ነበርና።

ይህ የቆዳ ምርመራ እጅን ይፈትናል። ከዳሌ አጥንት በላይ ካለው ቆዳ ጥቂት ሚሊግራም የምትመዝን ቅንጣት በትንሽ መቁረጫ ትነሣለች። ደም መውጣት የለበትም፤ በደም ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ጥቃቅን ትሎች ገብተው ውጤቱን ሊያሳስቱ ይችላሉ። ቅንጣቷ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ትቀመጣለች። የትሉ እጮች ከቆዳው ወጥተው መዋኘት ሲጀምሩ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። የአንጎል ተመራማሪ ቆዳ መቁረጥ ሥራዬ አይደለም ቢል፣ ፍንጩ ከእጁ ያመልጣል።

ከሕሙማኑ 76.3 በመቶው፣ ከጤነኞቹ 47.4 በመቶው ትሉ ተገኘባቸው። ልዩነቱን ያመጣችው ግን በዋናነት ማሪዲ ነበረች፤ ዊቶ ላይ ይህን ያህል አልታየም። በሕሙማን የአከርካሪ ፈሳሽ ላይ በተደረጉ ምርመራዎችም ትሉ አልተገኘም። ታዲያ አንጎልን ማን ጎዳው?

እ.ኤ.አ. በ2017 ቶሪ ጆንሰን፣ አቪንድራ ናትና ባልደረቦቻቸው አንድ መልስ አቀረቡ። ሰውነት ትሉን ለመከላከል ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል፣ በነርቭ ሴሎች ውስጥ የሚገኘውን ሊዮሞዲን-1 የተባለ ፕሮቲንም ያጠቃል የሚል ነበር። ግን በሁሉም ሕሙማን ላይ ስላልታየ ክርክሩ አልተዘጋም።

የመከላከሉ ሥራ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ2018 በማሪዲ በተደረገ የቤት ለቤት ጥናት ከነዋሪው 4.4 በመቶው የሚጥል በሽታ ነበረበት። ዝንቦቹ ይፈለፈሉ የነበረው በማሪዲ ግድብ ማፍሰሻ ላይ ነው። ነዋሪዎች የዝንቦቹ እጮች የሚጣበቁበትን ሣርና ቁጥቋጦ እየመነጠሩ ሲያጸዱ፣ አይቨርሜክቲን የተባለው የትል መድኃኒትም ሲታደል፣ ንክሻውም አዲስ ሕሙማንም ቀነሱ።

የዚህ በሽታ ሙሉ ምሥጢር ገና አልተፈታም። ለመከላከሉ ግን ቆዳን ሳያደማ የሚቆርጥ እጅ፣ ከሕመምተኛው ጎን ጤነኛውንም የሚቆጥር ጥንቃቄና ግድብ የሚያጸዳ ማኅበረሰብ በቂ መነሻ ሆነዋል።