ሊግና አካዳሚ
ከእሪ በከንቱ አራዳ ጊዮርጊስ ሩቅ አይደለም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብም በ1928 ዓ.ም. የተቋቋመው በአራዳ ልጆች ነው። ያን ጊዜ ጎዳናው ራሱ አካዳሚያቸው ነበረ ብንል አልተሳሳትንም። ዛሬ ግን ሊጉ ሌላ፣ የታዳጊዎች አካዳሚ ሌላ ነው። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሪሚየር ሊግ በየሳምንቱ ይፈርዳል፤ ሽንፈት የደራረበ አሠልጣኝ ይባረራል፤ ስለዚህ ክለቡ የበሰለ ተጫዋች ያስፈርማል እንጂ ልጅ አያሳድግም። አካዳሚ ግን ይጠብቃል። ሜሲ እንኳ (ያውም ሜሲ!) እ.ኤ.አ. በ2000 በ13 ዓመቱ ባርሴሎና ገብቶ በሊግ የተሰለፈው በ2004 ነው። ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በከተማ በጀት ነው፤ በጀቱም የአንድ ዓመት ነው። እንግዲህ የእሪ በከንቱን ልጅ አራት ዓመት ማን ይቀልበው? ፌዴሬሽኑ፣ እያንዳንዱ ክለብ ከፊርማ ገንዘቡ የተወሰነውን ለታዳጊ ቡድኑ እንዲለይ ቢያስገድድ ይሻላል እንላለን።