«ግሮስ»፣ «ኔት»፣ «ቶታል»፣ «ፉል»፦ ውል ላይ ሁሉም «ጠቅላላ» አይደሉም

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ዋጋ አይደለም። ዋጋ ከተስማማን በኋላ ገንዘብ ስለሚያስቀንሱ ቃላት ነው።

የእንግሊዝኛ ውል ረቂቅ ሲመጣልን ብዙዎቻችን «ግሮስ»ንም፣ «ቶታል»ንም፣ «ፉል»ንም፣ «ኢንታየር»ንም «ጠቅላላ» ወይም «ሙሉ» ብለን እናልፋቸዋለን። ለወሬ ያስኬዳል፣ ለውል ግን አያስኬድም። ስለዚህ አንዱን ቃል ባያችሁ ቁጥር «ጠቅላላ፣ የምን?» ብላችሁ ጠይቁ።

1. ግሮስ እና ኔት

«ግሮስ» ምንም ሳይቀነስ ያለው ነው። «ኔት» የሚቀነሰው ተቀንሶ የሚቀረው። በክብደት ከሄድን፣ ግሮስ ከነጆንያው ነው፣ ኔት ቡናው ብቻ።

በሒሳብ እንየው። በ20 ጫማ ኮንቴይነር የተለመደው የቡና ጭነት 320 ጆንያ፣ በ60 ኪሎ ሒሳብ 19,200 ኪሎ ነው። ባዶ ጆንያው 700 ግራም ይመዝናል እንበል። ውሉ «60 ኪሎ ኔት» እያለ መጋዘን ላይ ከነጆንያው 60 ኪሎ ከተሞላ፣ ከአንድ ኮንቴይነር 224 ኪሎ ቡና ይጎድላል። ከ13 ፈረሱላ በላይ ማለት ነው። ፓውንዱን በ3 ዶላር ብንይዘው ወደ 1,480 ዶላር ይመጣል። ገዢው መዳረሻ ላይ መዝኖ ይጠይቃል፣ ትክክልም ነው።

በእህልና በጥራጥሬ ደግሞ «ግሮስ ፎር ኔት» የሚል አጻጻፍ አለ። ከነማሸጊያው ያለው ክብደት እንደ ምርት ተቆጥሮ ይከፈላል። ለሻጭ ይጠቅማል፤ ግን በስልክ የተባለ አይበቃም፣ ውሉ ላይ ይጻፍ።

2. ቶታል እና አግሪጌት

«ቶታል» ድምር ነው። ኢንቮይስ ላይ «ሰብ ቶታል» የመሃል ድምር ነው፣ «ግራንድ ቶታል» ሁሉም ከገባ በኋላ የመጨረሻው። ገዢ «ቶታሉን ልኬያለሁ» ሲላችሁ የትኛውን እንደሆነ አረጋግጡ።

«አግሪጌት»ም ድምር ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጣሪያ ጋር ነው። የኢንሹራንስ ውል «በአግሪጌት 100,000 ዶላር» ካለ፣ በውሉ ዘመን የሚቀርቡ የካሳ ጥያቄዎች ሁሉ ተደምረው ከ100,000 አያልፉም። በየጭነቱ 100,000 ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጉዳት 80,000 ከወሰደ ለቀሩት ጭነቶች ሁሉ የተረፈው 20,000 ብቻ ነው።

3. ፉል

ይሄኛው ቃል ከጎኑ እንደቆመው ቃል ይለዋወጣል።

«ፉል ኮንቴይነር ሎድ» ኮንቴይነሩ እስከ ጣሪያው ሞልቷል ማለት አይደለም። ኮንቴይነሩን በሙሉ የያዘው አንድ ላኪ ነው ማለት ነው፤ ግማሹ ባዶ ሊሆን ይችላል።

«ፉል ሴት» የመርከብ ጭነት ሰነዱ ኦሪጅናል ቅጂዎች በሙሉ ናቸው። ሦስት ከወጣ ሦስቱም ባንክ ይቀርባሉ፤ ሁለት ይዞ መሄድ ሰነድ ያስመልሳል።

«ፔይመንት ኢን ፉል» ክፍያው ሳይሸራረፍ ይከፈል ነው። ግን ገዢው ሙሉውን ልኮም በመንገድ ላይ ያሉ ባንኮች የአገልግሎት ክፍያቸውን ሊቆርጡለት ይችላሉ። የባንክ ወጪን ማን እንደሚችል ውሉ ላይ ካልተጻፈ «ሙሉ» የተባለው ጎድሎ ይገባል።

ከሁሉም የሚያስፈራው «ፉል ኤንድ ፋይናል ሰትልመንት» ነው። ገዢው በጥራት ወይም በክብደት ተከራክሮ ከኢንቮይሱ ያነሰ ይልክና ይህቺን ሐረግ ያስፈርማል። ፈርሞ መቀበል «ከዚህ በኋላ የምጠይቀው የለኝም» እንደማለት ነው። ቀሪ ሒሳብ አለኝ የሚል ሰው «በከፊል ክፍያነት ተቀብያለሁ» ብሎ በጽሑፍ ይመልስ እንጂ አይፈርም።

4. ኢንታየር

«ኢንታየር ሎት» ያልተከፈለ፣ እንዳለ አንድ ላይ የሚሄድ ነው። ሆኖም ኤልሲ ላይ ይህን ቃል ብቻ አትመኑ። ኤልሲዎች የሚተዳደሩበት ዩሲፒ 600፣ ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ፣ ካልተከለከለ በስተቀር ከፋፍሎ መላክን ይፈቅዳል። አንድ ላይ ይሂድ የተባለ ጭነት «ከፋፍሎ መላክ አይፈቀድም» ተብሎ ይጻፍ። ከፋፍላችሁ ለመላክ ያሰባችሁም ክልከላው መኖር አለመኖሩን አስቀድማችሁ እዩ።

5. «አባውት»፦ ሙሉው ስንት እንደሆነ የምትወስን ቃል

በዚሁ ደንብ አንቀጽ 30 መሠረት «አባውት» ወይም «አፕሮክሲሜትሊ» ከመጠኑ፣ ከገንዘቡ ወይም ከነጠላ ዋጋው ጎን ከተጻፈ፣ ለተጻፈበት ነገር ብቻ እስከ 10 በመቶ መብለጥም ማነስም ይቻላል። «አባውት 19,200 ኪሎ» ማለት ከ17,280 እስከ 21,120 ኪሎ ነው።

ቃሉ ባይኖርም መጠኑ በኪሎ ከተጻፈ የ5 በመቶ ልዩነት ይፈቀዳል፣ የሚጠየቀው ገንዘብ ከኤልሲው ካላለፈ። በጆንያ ቁጥር ከተጻፈ ግን ይህ የ5 በመቶ መብት የለም። 320 ጆንያ 320 ነው፤ ከፋፍሎ መላክ ከተከለከለ 319 ሰነድ ያስመልሳል። «አባውት» ከኪሎው ጎን ኖሮ ከገንዘቡ ጎን ከሌለም፣ ትርፍ ጭናችሁ ባንኩ በኤልሲው ከተጻፈው ገንዘብ በላይ አይከፍልም።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ላይ እነዚህን አራት ነገሮች በቁጥር አጽፉ፦ የጆንያ ብዛት፣ የአንዱ ጆንያ ኔት ክብደት፣ የጭነቱ ጠቅላላ ኔት በኪሎ፣ የሚፈቀደው ልዩነት በመቶኛ። አምስተኛ፣ የባንክ ወጪ የማን እንደሆነ።

በዋጋው ላይ 2 ሳንቲም ለማስጨመር ግማሽ ቀን እንከራከራለን። በአንድ ኮንቴይነር 2 ሳንቲም ወደ 850 ዶላር ነው። «ኔት» የምትለዋ ቃል ከዚያ በላይ ስትወስድ አይተናል። ለዩኒየኖች ደግሞ የሚጎድለው ዞሮ ዞሮ ከገበሬው የትርፍ ክፍፍል ነው።

ረቂቅ ላይ ግራ ያጋባችሁ ቃል ካለ፣ የገዢውን ስምና ዋጋውን ሸፍናችሁ ዓረፍተ ነገሩን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ እናየዋለን። መልካም ገበያ!