ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. በሳንባ ካንሰር ላይ ያለው ድርሻ

በአገራችን አነጋገር «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል የሚታሰበው ተላላፊው በሽታ፥ ማለት ቲ.ቢ. ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የሳንባ ካንሰርን ነው። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ገድሏል፤ ከካንሰር ዓይነቶችም ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው እርሱ ነው። ለዚህም አንዱ ምክንያት ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከተስፋፋ በኋላ መታወቁ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የሴልን አሠራር ማስታወስ ይገባል። ዲ.ኤን.ኤ. እንደ ዋና መዝገብ ነው፤ መልእክተኛው አር.ኤን.ኤ. ከመዝገቡ የተቀዳ ግልባጭ ነው፤ ፕሮቲንም የሚሠራው በዚሁ ግልባጭ መሠረት ነው። ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ርዝመቱ 22 ኑክሊዮታይድ ያህል የሆነ አጭር ሰንሰለት ሲሆን፥ ለፕሮቲን መሥሪያ አያገለግልም። ሥራው ከግልባጩ ጋር ተጣብቆ ወይ እንዳይነበብ፥ ወይም ቶሎ እንዲፈርስ ማድረግ ነው። እንግዲህ መዝገቡ ሳይነካ ትእዛዙ ሳይፈጸም ይቀራል ማለት ነው።

ይህን በመጀመሪያ የደረሱበት ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ሚሊሜትር በምታህል ትል ውስጥ ሊን-4 የተባለውን ገለጹ። ግኝቱ የትል ብቻ ጉዳይ መስሎ ቆየ። በ2000 ግን የረቭከን ላቦራቶሪ ሌት-7 የተባለውን ሌላ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. አገኘ፤ እርሱም በሰው ውስጥ ጭምር እንዳለ ታወቀ። ሁለቱ ሊቃውንት በ2024 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

የሳንባ ካንሰርን ነገር ግልጽ ያደረገልን ይኸው ሌት-7 ነው። በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች ሌት-7 በብዙ የሳንባ ካንሰር ዕጢዎች ውስጥ መቀነሱን፥ መጠኑ ያነሰባቸውም ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዕድሜአቸው ማጠሩን አስታወቁ። በ2005 ደግሞ ሌት-7 «ራስ» የተባሉትን ጂኖች እንደሚገታ ታወቀ (ስሙ ከአማርኛው ቃል ጋር አይገናኝም)። እነዚህ ጂኖች ሴል እንዲባዛ የሚያነሣሡ ናቸው፤ ስለዚህ ሌት-7 ሲያንስ ሴሉ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይሆናል። ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.-21 ግን በተቃራኒው በዕጢው ውስጥ ይበዛል፤ የሚገታውም ፒ.ቴንን የመሰሉትን፥ ራሳቸው ልጓም የሆኑትን ጂኖች ነው።

ታዲያ የጎደለውን ሰጥቶ ማዳን አይቻልምን? በ2013 ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.-34ን የሚተካ መድኃኒት ካንሰር በጸናባቸው ሰዎች ላይ መሞከር ተጀመረ። ነገር ግን የሰውነት መከላከያ ብርቱ ቀውስ ስላስከተለና አራት ሕሙማን ስለ ሞቱ ሙከራው በ2016 ቆመ። አንዱ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ብዙ ግልባጮችን ስለሚነካ፥ መድኃኒቱን ወደ ዕጢው ብቻ ማድረስም አስቸጋሪ ስለሆነ መንገዱ ቀላል አይደለም።

የቅርቡ ተስፋ በምርመራ በኩል ነው። ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. በደም ውስጥ ሳይፈርስ ስለሚቆይ፥ በሽታውን በጊዜ ለማወቅ ምልክት እንዲሆን እየተጠና ነው፤ የዘወትር ምርመራ ግን ገና አልሆነም። እስከዚያው ድረስ ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ሲጃራ አለማጨስ መሆኑን እያስታወስን፥ የባዮሎጂና የሕክምና ተማሪዎች ጓደኞቻችን ይህን ጥናት እንዲከታተሉት እናሳስባለን።