ዝናብ ሲመጣ የግቢውን ማንሆል አትክፈቺ፦ የአማን መጃሪ ለምን ወደ ቤት ይመለሳል?

እህቴ፣ ዮርዳኖስ ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ የዚህ አገር ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር እንደማይገጥም አውቀሽዋል። በእኛ ሐምሌና ነሐሴ የሚወርደው እዚህ በብርዱ ወራት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት አካባቢ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጠቅልሎ በአንድ ቀን ይመጣል። ያኔ ግቢው ውሃ ይቋጥርና ማዳም «ክፈቺው፣ ውሃው ይውረድ» ትላለች። ክፈቺው የምትልሽ የመጃሪውን ክዳን ነው፤ እነሱ «መንሃል» የሚሉት፣ እኛ ማንሆል የምንለው። ስትከፍቺው ውሃው በደቂቃ ውስጥ ከዓይንሽ ይጠፋል። ግን የትም አልሄደም፣ ወደ ታች ሰፈር ወርዶ ነው።

አማን ውስጥ ሁለት የተለያዩ መስመሮች አሉ። አንደኛው የሽንት ቤት፣ የኩሽናና የልብስ ማጠቢያ ውሃ የሚሄድበት መጃሪ ነው፤ እሱን የሚይዘው ሚያሁና የሚባለው የውሃ ድርጅት ነው። ሌላው በመንገድ ዳር ባለው የብረት ፍርግርግ የሚገባው የዝናብ መስመር ነው፤ እሱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም። መጃሪው የተሠራው ሰው በቀን የሚጠቀመውን ውሃ ታስቦ ስለሆነ በየሰፈሩ የሚያልፈው ቱቦ ብዙ ጊዜ ስፋቱ ከ20 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም።

እስቲ አስቢው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 6,000 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 300 ማለት ነው። ይሄ ከአንድ ቤት ብቻ ነው። ማንሆል ከመክፈት ሌላ የጣሪያቸውን አሸንዳ በድብቅ ከመጃሪው ጋር ያገናኙ ቤቶችም አሉ። ይህ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የውሃ ሚኒስቴሩም ክረምት በገባ ቁጥር ያስጠነቅቃል።

አማን ደግሞ የተራራ ከተማ ናት። ከላይ ሰፈር የገባው ውሃ ቱቦውን ሞልቶ ወደ ታች ሲወርድ መውጫ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ዝቅ ያለውን ቀዳዳ ነው። ዝቅ ያለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ «ታስዊያ» በሚሉት ከመንገድ በታች ባለው ፎቅ ወለል ላይ ያለው የውሃ መውረጃ ነው። እዚያ ማን እንደሚተኛ ታውቂዋለሽ። የልብስ ማጠቢያው፣ ዕቃ ማከማቻው፣ ብዙ ጊዜም የሠራተኛዋ ክፍል እዚያ ነው።

ዝናብ በሌለበት ጊዜም ውሃ ወደ መጃሪ ይገባል። ቱቦው ሲያረጅ መገጣጠሚያው ይላቀቃል፣ የዛፍ ሥር ይሰነጥቀዋል፣ በዚያ በኩል የመሬት ውስጥ ውሃ ይሰርጋል። ባሕር ዳር ባሉት የገልፍ ከተሞች የመሬት ውስጥ ውሃ ለላይኛው አፈር ቅርብ ስለሆነ፣ ጨዋማም ስለሆነ፣ ጣጣው ይበዛል። ባለሙያዎች ይህን የሚያውቁበት ዘዴ ደስ ይላል፦ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ቱቦው ውስጥ የሚሄደውን ውሃ ይለካሉ። በዚያ ሰዓት ሽንት ቤት የሚሄድ ጥቂት ስለሆነ፣ ብዙ ውሃ ከታየ ከመሬት የሰረገ ነው ማለት ነው። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ወደ ቱቦው ነጭ ጭስ ይነፋሉ፤ ጭሱ ከጣሪያ አሸንዳ ከወጣ ያ ቤት አሸንዳውን ከመጃሪ ጋር አገናኝቷል። ከዚያ በኋላ አሸንዳው ይነቀላል፣ የተሰነጠቀው ቱቦ ከውስጥ በአዲስ ሽፋን ይለበጣል።

የአማንና የዛርቃ ቆሻሻ ውሃ የሚጣራው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ በጀመረው በአስ-ሳምራ ማጣሪያ ነው። የተጣራው ውሃ ለእርሻ ይውላል። ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር ንጹሕ የዝናብ ውሃን ከቆሻሻ ጋር ቀላቅሎ እንደገና ማጣራት ኪሳራ ነው። የአሸንዳው ውሃ ወደ አትክልቱ፣ «ቢር» ወደሚሉት የግቢ ጉድጓድ ወይም ወደ መንገዱ መሄድ አለበት።

ወደ አንቺ እንምጣ። ክዳኑን ክፈቺ ስትባዪ እንዲህ በያት፦ «ማዳም፣ ማይ ኢሺታ ማ ቢሲር ትንዚል ቢልመጃሪ፤ ብትርጀዕ ዓልበይት።» የዝናብ ውሃ መጃሪ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ወደ ቤት ይመለሳል ማለት ነው። ውሃውን በጎማ መጥረጊያ ወደ አትክልቱ ወይም ወደ መንገዱ ግፊው። ማንሆል ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ አለ፤ ሲበዛ ደግሞ ሽታው ራሱ አይታወቅሽም። የወደቀ ዕቃ ለማውጣት ብለሽ አትግቢ። ሰው ቢወድቅ እንኳ ተከትለሽ አትግቢ፣ 911 ደውዪ።

መጃሪው ወደ ክፍሉ ከተመለሰ ወለሉ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ወይም ሶኬት እርጥብ ካለ ውሃው ውስጥ አትርገጪ፤ መብራቱ ከዋናው ይጥፋ። ልብስ ማጠቢያ አይሠራ፣ ሽንት ቤትም ውሃ አይለቀቅ፤ የምትለቂው ሁሉ ተመልሶ ይመጣልና። ስታጸጂ ጓንትና ቦቲ ጠይቂ፤ በባዶ እጅ አይሆንም፤ ተቅማጥና የጉበት በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን አሉበት። መጀመሪያ በሳሙና፣ ከዚያ በክሎር። ክሎርንና ሽንት ቤት የሚፈስሰውን አሲድ በአንድ ላይ አታድርጊ፤ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል።

ፍራሽሽ በቆሻሻ ውሃ ከራሰ አድርቆ መተኛት አይሆንም፣ ሌላ ይሰጥሽ። ይህ የማዳም ችሮታ አይደለም። የዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 90፣ እ.ኤ.አ. የ2009፣ አሠሪው ብርሃንና አየር ያለው የመኝታ ቦታ እንዲሰጥና እንዲያሳክም ያስገድዳል። የረሰረሰውን ክፍልና ፍራሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ቀኑን ጻፊ፣ ለምታምኛት ሰው ላኪው። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ከያዘሽ፣ ወይም ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ለሐኪሙ የመጃሪ ውሃ እንደነካሽ ንገሪው።