ዕዳ በሕግ ይጠየቃል እንጂ በዛቻ አይሰበሰብም

በታች አርማጭሆ ወረዳ በሳንጃ ከተማ፥ እንዲሁም እስከ መተማ ባለው የቆላ አገር፥ ንግዱ የሚንቀሳቀሰው በሰሊጥ ነው። ክረምት ሲገባ ገበሬው ለአራሚዎች የሚከፍለው ገንዘብ ይሻል፤ ባለሱቁም ዘይትና ስኳር በዱቤ ይሰጠዋል፤ ራሱ ባለሱቁ ደግሞ ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ ይወስዳል። የሁሉም ተስፋ በመስከረምና በጥቅምት በሚታጨደው ሰሊጥ ላይ ነው። አዝመራው የተበላሸ ወይም ዋጋው የወረደ እንደሆነ የአንዱ ዕዳ ለሁሉ ይተርፋል። ያን ጊዜ በገበያ ቀን በሱቅ ደጅ ቆሞ የሚጮኽ፥ ለዘመድ ሁሉ ስልክ የሚደውል፥ «ከመደርደሪያው ዕቃ አነሣለሁ፤ አሳስርሃለሁ» እያለ የሚዝት ዕዳ አስከፋይ ብቅ ይላል።

ባለገንዘብ ገንዘቡን መጠየቁ መብቱ ነው፤ ይሁን እንጂ የአጠያየቁ መንገድ በሕግ የተወሰነ ነው። በጥንት ዘመን ባለገንዘብና ባለዕዳ በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይውሉ ነበር፤ «ቁራኛ» የተባለው ይህ ነው። ዛሬ ያ ልማድ ቀርቷል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን፥ ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። ነገር ግን በቂ ገንዘብ ሳይኖረው ቼክ የሰጠ ሰው በወንጀል ይጠየቃል፤ መክፈል እየቻለ የፍርድ ቤትን ትእዛዝ የማይፈጽምም በዚህ ከለላ ሊመካ አይገባውም።

ስለ ብድሩ መጠን ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይናገራል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም (ቁጥር 2472)። በተበዳሪና በአበዳሪ መካከል የሚደረገው የወለድ ስምምነትም በዓመት ከመቶ 12 ሊበልጥ አይችልም (ቁጥር 2479)። እንግዲህ በወር ከመቶ 10 የሚጠይቅ ሰው በዓመት ከመቶ 120፥ ማለትም ሕጉ ከፈቀደው ዐሥር እጥፍ ይጠይቃል ማለት ነው። የሰውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ አራጣ ማበደርም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

አስከፋይ የመጣበት ሰው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የመጣው ሰው ከአበዳሪው የተሰጠውን ውክልና እንዲያሳይ ይጠይቅ፤ ሥልጣን ለሌለው ሰው የተከፈለ ገንዘብ ዕዳውን ላያወርድ ይችላልና። ሁለተኛ፥ ዋናውና ወለዱ ተለይተው በጽሑፍ ይሰጡት፤ የሚከፍለውንም በባንክ ወይም በደረሰኝ ይክፈል። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል። ሦስተኛ፥ ዛቻ ወይም ስድብ የደረሰበት እንደሆነ ቀኑን፥ ሰዓቱንና የነበሩትን ምስክሮች ጽፎ ለፖሊስ ያመልክት።

ዕቃ ማንሣትም ለማንም አልተፈቀደም። ባንክ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ለመሸጥ ቢችልም፥ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ተራ አበዳሪ ግን ፍርድ ያስፈልገዋል። ከፍርድም በኋላ ቢሆን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የባለዕዳውን የሙያ መሣሪያ፥ ለገበሬውም ኑሮው የሚቆምበትን ከብትና ዘር፥ ለቤተሰቡም የ3 ወር ምግብ ከመያዝ ያድናል።

ይህ ሁሉ ግን ዕዳን አይሠርዝም። መክፈል ያቃተው ሰው ቀኑ ሳያልፍበት ወደ አበዳሪው ሄዶ፥ አስፈላጊም ከሆነ ሽማግሌ ይዞ፥ በየመከሩ የሚከፍለውን ቁርጥ አድርጎ ቢያስታውቅና ስምምነቱን በጽሑፍ ቢያደርግ ይበጀዋል። ባለሱቁም ዱቤ ሰጪ እንደ መሆኑ መጠን ይህንኑ ለደንበኛው ሊያደርግለት ይገባል። በገበያ መካከል ያዋረደው ገበሬ በሚመጣው ዓመት ሰሊጡን የሚያወርደው በሌላ ሱቅ ደጅ ነውና።